ለካሪያኩ ልጅ የተላከ ሽማግሌ

አቶ ስለሺ ወንድምነህ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ፊንች ጎዳና ላይ፣ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። መኖሪያቸው ጄን ኤንድ ፊንች፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ። የሚያውቃቸው ሰው ግን በሹፌርነታቸው አያነሣቸውም፤ "ሽማግሌ ከፈለግህ ስለሺን ላክ" ነው የሚባለው። ልጅ ሊጠይቁ ሄደው እምቢ የተባሉበት ቀን የለም። ስካርቦሮ ያለ አንድ አባት ሦስት ቀጠሮ አመላልሷቸው ነበር፤ እሱም ቢሆን በመጨረሻ እስከ መኪናቸው ሸኝቷቸዋል።

ምስጢሩን ብጠይቃቸው "ጥናት ነዋ!" አሉኝ። ከመሄዳቸው በፊት የቤተሰቡን አገር፣ የአያቶቹን ስም፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳይቀር ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው፤ ተሳፋሪው ጸሎት ይመስለዋል።

ባለፈው መስከረም ወይዘሮ ብርቅዬ ደወለችላቸው። ባሏ ኤፍሬም የአቶ ስለሺ የልብ ወዳጅ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እጃቸውን ይዞ "ጸጋአብን አንተ ዳርልኝ" ብሏቸዋል። ጸጋአብ አንድ ልጁ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ።

"ጋሼ፣ ልጅቷን አግኝቷል" አለች ብርቅዬ። "ካሚል ትባላለች፣ ነርስ ናት። ያሳደገቻት አያቷ ናት። 'አያቴ ካልመረቀችኝ አላገባም' ብላዋለች። አሮጊቷ ደግሞ ልጄን ማየትም አልፈለገች።"

"የየት አገር ሰዎች ናቸው?"

"ጃማይካ መሰለኝ።"

"መሰለኝ ይዤማ አልሄድም" አሉና ለልጁ ደወሉ።

"ኖ፣ ኖ፣ ጋሼ! ጃማይካ እንዳይሉ!" ጮኸ ጸጋአብ። "ግሬናዳ ነው። አያቷ ሲሪየስ ናቸው። እሳቸው ኖ ካሉ ካሚል አትመለስም፣ አውቃታለሁ።"

ሦስት ሳምንት አጠኑ። ደብተሩን አይቼዋለሁ። "ግሬናዳ፤ ካሪቢያን ባሕር። ሰው የሚኖርባቸው ሦስት ደሴቶች፦ ግሬናዳ፣ ካሪያኩ፣ ፔቲት ማርቲኒክ። ሁሉም ተደምረው የቶሮንቶን ግማሽ ቢያህሉ ነው። ሕዝቡ መቶ ሺህ አለፍ ይላል። ተራራማ፤ ገውዝ የሚባለውን ቅመም ያበቅላሉ፣ ባንዲራቸው ላይም አለ። ነጻ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1974። ንጉሡ የእንግሊዙ (የእኛውም የካናዳ!)፤ ወኪሉ ጠቅላይ ገዥ፤ ሥራውን የሚሠራው ጠቅላይ ሚኒስትር። ሕዝብ የሚመርጣቸው እንደራሴዎች አሥራ አምስት፤ አንዱ የካሪያኩና የፔቲት ማርቲኒክ።" ከዚያ ወረድ ብሎ፣ "ሕዝቡ" በሚለው ሥር፦ "አብዛኛው በባርነት ከአፍሪካ የተወሰደ ሰው ዘር።" ይቺን መስመር በገዛ እጃቸው ጽፈዋታል። ጽፈው አልፈዋል።

በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስት ሆነው ሄዱ። ከአቶ ስለሺ ጋር ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡት አባባ ወልደገብርኤል፣ እና ታክሲ የሚነዳው ዙበይር ነበሩ። የሄዱትም በዙበይር ታክሲ ነው።

"ንጉሣችን አንድ ነው ልበላቸው? ዝምድና አይሆንም?" አሉ አቶ ስለሺ።

"በላቸው" አለ ዙበይር። "እኔ ሞተሩን ሳላጠፋ እጠብቅሃለሁ።"

"ቀልዱን ተዉት!" አሉ አባባ። "ስንገባ ማንም አይቀመጥ። እሺ ሳይሉን ወንበር የነካ ከእኔ ጋር አይመለስም።"

የካሚል አያት ኖርዝ ዮርክ፣ ሰባተኛ ፎቅ ይኖራሉ። በሩን የከፈተው ልጃቸው ዴክስተር ነው፤ ትከሻው በሩን የሚሞላ። አያቲቱ፣ ሚስ ቨርና፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ባሕር ዳርቻ ላይ የተሠራ ቤት ፎቶ አለ፤ ከጎኑ ያው ቤት፣ ጣሪያው ሄዶ፣ ግንቡ ብቻ ቀርቶ። በዚያ ዓመት ጁላይ የመጣው አውሎ ነፋስ ካሪያኩ ላይ ያላፈረሰው ቤት ጥቂት ነው።

"ተቀመጡ" አሉ ሚስ ቨርና።

"እናመሰግናለን። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን፣ ቆመን እንናገራለን።"

"ወንበሬ ምን ሆነ?"

"ኧረ ምንም፣ እመቤት—"

"ዴክስተር፣ ወንበሩ ቆሽሿል?"

"ጠዋት ነው የጠረግሁት፣ ማማ።"

"እኔ ቤት ገብቶ የማይቀመጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ፖሊስ፣ ሌላው ከቤቴ ሊያስወጣኝ የመጣ። እናንተ የትኞቹ ናችሁ?"

"ሦስተኛም አለ፤ ጉልበቱን የሚያመው" አለና ዙበይር ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አባባ በዐይናቸው ገደሉት። አቶ ስለሺም ተቀመጡ። አባባ ጥቂት የወንበሩን ጀርባ ይዘው ቆዩና ጫፉ ላይ ዐረፉ። የለመዱት መንገድ ገና ከደጃፉ ተበላሸ።

አቶ ስለሺ ወደ ጥናታቸው ዞሩ። ስለ ተራራው፣ ስለ ገውዙ አደነቁ።

"ገውዙ የግሬናዳ ነው" አሉ ሚስ ቨርና። "እኛ ካሪያኩ ነን። ወንዝ እንኳ የለንም፣ ከጣሪያ የወረደ ዝናብ ነው የምንጠጣው። እኛ ጀልባ ነው የምንሠራው።"

"አንድ እንደራሴ አላችሁ፤ ከአሥራ አምስቱ" አሉ አቶ ስለሺ ቶሎ ብለው።

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩአቸው። "ይህን ማን ነገረህ?"

"አጥንቼ ነው።"

ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። አቶ ስለሺም ይህን ጊዜ ነው ልባቸው ሞልቶ ተነሥተው የልጁን ዘር መቁጠር የጀመሩት። "ጸጋአብ፣ የኤፍሬም ልጅ። ኤፍሬም የገድሉ፣ ገድሉ የፊታውራሪ ይግዛው፣ ይግዛው የወንድይራድ፣ ወንድይራድ የሽበሺ፣ ሽበሺ የተድላ። እስከ ሰባት ቤት የታወቀ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ባህላችን የልጅቷን እንስማ፤ ሰባት ቤት ድረስ።"

ካሚል ወጥ ቤት ነበረች። የሚወርደው የቧንቧ ውሃ ተዘጋ።

ዴክስተር ተነሣ። "ሰባት? ሰባት ነው ያልከው? የቅድመ አያቶቼን አያቶች መርከብ ላይ ሲጭኑ ስማቸውን የጻፈ የለም። ቁጥር ነው የጻፉት። እሑድ ቀን ከረባት አስረህ የመጣኸው ይህን ልትጠይቀን ነው?"

"ያን ጊዜ ያቺ መስመር መጣችብኝ" አሉኝ አቶ ስለሺ። "በእጄ የጻፍኳት!"

"ተቀመጥ፣ ዴክስተር" አሉ ሚስ ቨርና። "ሰውየው ጠየቀ፣ ይመለስለታል።" ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። "ካሚል የጆይ ልጅ፣ ነፍሷን ይማር። ጆይ የኔ። እኔ የኦገስቲን፣ ኦገስቲን የክላይተስ፣ ክላይተስ የጀልባ ሠሪው የኒያል። ከዚያ ወዲያ ስም የለም። ስም ባይኖርም ሕዝብ አለ። ካሪያኩ ላይ ትልቁ ከበሮ ሲመታ ሰው ሁሉ የየሕዝቡ ዜማ ሲደርስ ይነሣል። ከአፍሪካ የተወሰደው የኔ ሕዝብ፣ የክሮማንቲ ዜማ ሲመታ እኔ እነሣለሁ። አባቴ ተነሥቷል፣ አባቱም ተነሥቷል። በቃህ?"

"በቃኝ፣ እመቤት።"

"እንግዲያው ተራው የኔ ነው። ከስሞቹ አንዱ ላይ ሌላ ቃል ደረብክበት።"

"ፊታውራሪ። ማዕረግ ነው። የጦር አዛዥ፣ ባለ ርስት።"

"ብዙ መሬት?"

"ብዙ።"

"ማን ያርስለት ነበር?"

አቶ ስለሺ መልሱን ያውቁታል። ዘሩን ሲያጠኑ ደብረ ማርቆስ የሚኖሩትን እማሆይ ወለተማርያምን በስልክ አነጋግረዋል፤ የፊታውራሪ ይግዛው ልጅ ናቸው፣ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው። እማሆይ በጨዋታ መሐል "አባቴ ደግ ነበሩ፣ ባሪያቸውን እንኳ አይመቱም" ብለዋቸው ነበር። ይቺን ደብተሩ ላይ አልጻፏትም።

አባባ ወልደገብርኤል በአማርኛ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ "ጭሰኛ በላት። ጭሰኛም ነበር፣ ውሸት አይደለም" አሉ።

እውነትም ውሸት አይደለም። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ልጁ ይድናል፤ የኤፍሬም አደራ ይፈጸማል። ከዚያ በላይ ከተናገሩ ግን ይህች ሴትዮ በሩን እንደምታሳያቸው አልተጠራጠሩም። ዙበይር ጫማውን ያያል። ካሚል ከወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማለች፤ እጇ እርጥብ ነው።

"ጭሰኞች ነበሩ" አሉ አቶ ስለሺ። ትንፋሽ ወሰዱ። "ባሪያዎችም ነበሩ።"

ዴክስተር ሄዶ በሩን ከፈተው። ከፍቶት ቆመ።

"ጸጋአብ ያውቃል?" አለች ካሚል።

"አያውቅም። እኔም በቅርብ ነው የሰማሁት።"

ስልኳን አውጥታ ኮል አደረገችው፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

"ሃይ! እንዴት ሆነ? እሺ አሉ?"

"ፊታውራሪ ይግዛው ማነው?"

"የአያቴ አባት። ምነው?"

"ባሪያዎች ነበሩት።"

"ማን ነው ያለው?"

"ያንተው ሽማግሌ።"

"ጋሼ ስለሺ ካሉማ እውነት ነው" አለ ጸጋአብ። "ካሚል፣ አላወቅሁም ነበር።" ከዚያ ደግሞ፦ "ጋሼ፣ ስማቸው ማን ይባላል?"

"የማን?"

"የሰዎቹ።"

"አልጠየቅሁም" አሉ አቶ ስለሺ።

ሚስ ቨርና በከዘራቸው ወደ ስልኩ ጠቆሙ። "ይጠይቅና ይምጣ" አሉ። "ብቻውን። 'የማገባው እሱን ነው፣ ሽማግሌዎቹን አይደለም' ብላ ካሚል ቀድማ ነግራኛለች። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። ደኅና ዋሉ።"

ሊፍቱ ውስጥ አባባ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ልጁን ቀበርከው። አንዲት ቃል! አንዲት ቃል መዋጥ አቃተህ?"

"ልጅቷ እየሰማች እኮ ነው፣ አባባ። ነገ ከእማሆይ አፍ ብትሰማው ማንን ትጠይቃለች?"

ብርቅዬ ወሬውን ስትሰማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው። ዘጠኝ ቀን አላነሣችም።

ጸጋአብ እማሆይን ለማናዘዝ አምስት ቀን ፈጀበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት "ምን ሊያደርግልህ ነው፣ ልጄ?" እያሉ አለፉት። በአምስተኛው ቀን አለቀሱ። ወንዶቹን አያስታውሱም። አንዲት ግን ነበረች፣ ኤልፍነሽ የሚሏት። እማሆይን አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። በልጅነቷ ከሩቅ አምጥተዋታል፤ ኤልፍነሽም እነሱ ያወጡላት ስም ነው፣ እናቷ ያወጣችላትን የሚያውቅ የለም።

ጸጋአብ ወደ ሚስ ቨርና ቤት ብቻውን የሄደው ረቡዕ ከሥራ በኋላ ነው። አቶ ስለሺ ሺፍት ላይ ነበሩ። ሁለት ፌርማታ ዘለው ተሳፋሪ ጮኸባቸው። ፊንች ጣቢያ ደርሰው ሞተሩን እንዳጠፉ ስልኩ ጮኸ።

"ጋሼ፣ ያገኘኋትን ነገርኳቸው። እናቷ ያወጣችላትን ስም አላገኘሁም አልኳቸው። 'እኔም አላገኘሁም' አሉኝ።"

"እና?"

"እና እሺ አሉ። ግን አንድ ነገር አለ። በነሱ አገር ድግስ ሲኖር ለሞቱት ሳህን ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። 'የኔዎቹን እኔ እጠራለሁ፣ ኤልፍነሽን ደግሞ የናንተ ሰው ይጥራት፤ እንግዳው ሁሉ እየሰማ' አሉ።"

አቶ ስለሺ ያንኑ ማታ ብርቅዬ ቤት ሄደው በሩን አንኳኩ። ከፈተችላቸው፤ ግቡ ግን አላለችም።

"በልጄ ሰርግ ላይ፣ ዘመዶቼ ፊት፣ የባሪያ ስም?"

"አዎ።"

"ማን ነው የሚጠራው? አባባ ወልደገብርኤል እንደሆኑ አፋቸውን አይከፍቱም።"

"እኔ እጠራለሁ። አንቺ ካልፈቀድሽ ግን አልጠራም። ቤቱ ያንቺ ነው፣ ልጁም ያንቺ ነው።"

ጎረቤት ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ሰላም ብሏቸው ተመለሰ።

"ሳህኑ ላይ ምን ይደረጋል?" አለች በመጨረሻ።

"የምትወደው ነው የሚባለው።"

"ምን ትወድ ነበር?"

አቶ ስለሺ ይህንንም አልጠየቁም። ብርቅዬ ስልኳን አነሣች፤ ደብረ ማርቆስ ገና ሌሊት ነበርና እማሆይን ለኪዳን ሲነሡ አገኘቻቸው። አሹቅ ነው፣ አሉ፤ ጨው የበዛበት፣ እሳቸውም ልጅ ሳሉ ከእጇ እየቀሙ ይበሉባት ነበር።

በሰርጉ ዋዜማ ብርቅዬ ዳንፎርዝ ላይ ሦስት ሱቅ ዞራ ከእነ ልጣጩ ያለ ባቄላ አገኘች። አምጥታ ዘፈዘፈችው።