ላምፒስ ዜማው የጠፋበት ቀን

ካላውሪያ ደሴት ላይ ላምፒስ የሚባል መረብ ጠጋኝ ነበር። ጨዋታ ላይ ማንም አይችለው፤ ቁም ነገር ሲመጣ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። መላ ግን አላጣም። እዚያ አገር መሬት ተንቀጠቀጠች ማለት የባሕሩ ጌታ ፖሲዶን ተቆጥቶ ባለሦስት ጣት ጦሩን ሰካባት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ ያዜምለታል። ዜማው ሳያልቅ ያወራ፣ ጣሪያው የሚወርደው በሱ ላይ ነው። ታዲያ ላምፒስ ነገር በጠበበው ቁጥር ዓይኑን ያፈጥና "ተንቀጠቀጠች" ብሎ ዜማውን ያነሳዋል። ማን ደፍሮ ዝም ይላል? ጎረቤቱ ሁሉ ይቀበለዋል። ሲያልቅ ጥያቄውን የሚያስታውስ የለም።

ሚስቱ ኒካሬታ "ትወደኛለህ ወይ?" ባለች ቁጥር መንደሩ ሲያዜም ኖረ።

በመጨረሻ አንገፈገፋት። ወንድሟን ትራሶንን አስጠርታ ጓዟን አህያ ላይ አስጫነች።

"እንግዲህ አማች" አለ ትራሶን በሩ ላይ ቆሞ፣ "ለእህቴ የምትላት አንድ ቃል ካለህ በላትና ጓዟን ላውርድ። ከሌለህ ፀሐይ ሳትበረታብን እንሂድበት።"

ላምፒስ ኒካሬታን አየ። አህያዋን አየ። "ተንቀጠ..."

"ይኸው ጀመረው" አለች ኒካሬታ። "ዛሬ አላዜምልህም።"

"የኛም ጉሮሮ ደርቋል" አለች ጎረቤቷ ጎርጎ ከአጥሩ ማዶ። "የሰው ትዳር ስናዜም አረጀን እኮ።"

ይሄኔ የእውነት ተንቀጠቀጠች። የዘይቱ ማሰሮ ወርዶ ተፈረከሰ። አህያዋ ተንበረከከች። ትራሶን በሩ ላይ ተጠመጠመ። የሚያዜም ጠፋ። ላምፒስ ራሱ ዜማው ከአፉ በኖበት፣ የኒካሬታን ቀሚስ ጨምድዶ፣ "አትሂጂ ኒካሬታ፣ ያላንቺ ምን እሆናለሁ" አለ።

መሬት ቀጥ አለች።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"አያችሁ" አለች ጎርጎ፣ "ጌታው የፈለገው ይሄን ነበር። እኛ በዜማ ስናደነቁረው።"

ትራሶን ጓዙን አወረደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር መሬት ስትነቃነቅ ዜማ የሚያነሳ የለም። አሣ አጥማጁ ጀልባው ላይ፣ የመቅደሱ አገልጋይ ከነነጭ ልብሱ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ "አትሂጂ ኒካሬታ" ነው። ኒካሬታ እንስራዋን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ ሰው ግድግዳ ይይዛል።

ላምፒስማ አንዴ ተናግሮ ተገላገለ። "ትወደኛለህ ወይ?" ስትለው "መንደሩን ጠይቂ" ይላታል። እሷም አትቆጣም። አህያዋ ላይ አንዲት ቅርጫት ትጭንና በር ላይ ትቆማለች፣ የሱ ጉልበት መንቀጥቀጥ እስኪጀምር።