ስክሪኑ «አልደረሰም» ሲል

በካርድ ክፍል ከጀርባዋ «እትዬ ክብሪት» እንላታለን። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች መስኮት ተቀምጣ ታካሚ ስትመዘግብ ጸጉሯ ሸብቷል፤ ቁጣዋ ግን ጨርሶ አላረጀም።

በወረቀቱ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ላቦራቶሪ ወርዳ፣ የደረሱትን ውጤቶች በዓይኗ አይታ ነበር ሰው የምትቀጥረው። ኮምፒውተሩ ሲገባ አለቃችን «ከወንበርሽ አትነሺ፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ አለ» አላት። አመነች። እኔም አመንኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝም ይኼው ነው።

ጉሮሯቸው ሥር እብጠት የወጣባቸው አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ የናሙና ውጤታቸውን ፍለጋ ሦስት ጊዜ መጡ። ውጤቱ ካልደረሰ ሐኪሙ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ አይሰጥም። ስክሪኑ ሦስቴም «አልደረሰም» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ የመጡ ቀን ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር፤ እትዬ ክብሪት ጦፋለች።

«አባባ፣ ሲደርስ እንደውላለን አልኩዎት እኮ! ምን ያመላልስዎታል?» ብላ ጮኸችባቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ብላ፣ «የልብስ ሰፊውን ውጤት የሚጠይቅ ጠፋ እንዴ? ኮምፒውተሩ ላይ ካስገባነው ወር አለፈው» አለችን።

እትዬ ክብሪት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ኮምፒውተር ክፍል ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ፕሮግራም ሠሪው ከፍቶ አየና ጆሮውን አከከ። የላቦራቶሪው ሠንጠረዥ «ደርሷል» ይላል። የእኛ የቀጠሮ ሠንጠረዥ ግን ታካሚው በተመዘገበ ዕለት የነበረውን ሁኔታ አንዴ ገልብጦ ይዟል፤ ከዚያ ወዲያ ዞሮ አያይም።

«ሁለቱን በካርድ ቁጥር አገናኝቼ ከላቦራቶሪው እንዲያነብ ማድረግ ነበረብኝ» አለ። «የገለበጥኩት ስክሪኑ እንዲፈጥን ብዬ ነው።»

«እንዲፈጥን?» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ለማን ነው የፈጠነው?»

ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ግማሽ ሰዓት! ስክሪናችን ላይ ሠላሳ አንድ ሰው በአንዴ «ደርሷል» ሆነ። ሠላሳ አንዱንም በየቤታቸው ያስቀመጥናቸው እኛ ነን።

እትዬ ክብሪት ስልኩን አንስታ ከልብስ ሰፊው ጀመረች።

«አባባ፣ ከሆስፒታል ነው። ውጤትዎ ደርሷል፤ ዛሬውኑ ይምጡ።»

ድምፃቸው ሻክሯል፤ በየቃሉ መሀል ይተነፍሳሉ። ድምፅዋን አላወቁትም።

«ተባረኪ ልጄ። ጉሮሮዬ ውሃ እንኳ አላሳልፍ ካለኝ ሰነበተ። መምጣትስ አስቤ ነበር፤ ያቺ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ትቆጣኛለች ብዬ ተውኩት።»