እርጉዟ በአሰላ ሰማይ

በ1970 ዓ.ም. ጦርነቱ በተፋፋመበት ወራት የአሰላ ሴቶች የቀበሌው አዳራሽ ጓሮ ተሰብስበው ለዘማች ስንቅ ገብስ ይቆሉ ነበር። ከደብረ ዘይት ወደ ባሌ ግንባር የሚሄደው አውሮፕላን ሁሉ በራሳቸው ላይ ነው የሚያልፈው፤ ስምም አወጡለት። ሰማዩን እየሰነጠቀ የሚበረውን ተዋጊ ጨርቅ ነጋዴዋ ዘይቱና «ቀዳጁ» አለችው፤ ድምፁ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ ይመስላል። ሆደ ሰፊውን የጭነት አውሮፕላን «እርጉዟ» ያለችው ግን የሺሃረግ ናት። ስትሄድ ወታደር ተሸክማ እያቃሰተች፣ ስትመለስ ቀሏት ሽው እያለች።

የየሺሃረግ አንድ ልጅ ግዛቸው በሚሊሺያነት በዚችው አውሮፕላን ከሄደ አራት ወር አልፎታል። ደብዳቤ የለም። እጇ ገብስ ያገላብጣል፣ ጆሮዋ ሰማይ ላይ ነው።

«የሺ፣ አንገትሽ እንዲህ ተሰቅሎ ይቀራል» ትላታለች ዘይቱና። «እሳቱን እይ።»

«እሳቱ የትም አይሄድ።»

ቁስለኞች ደብረ ዘይት ይመጣሉ ሲባል ሰማችና የይለፍ ወረቀት ልትለምን የቀበሌው ሊቀመንበር ሣህሌ ዘንድ ገባች። እሱ ለካ ለአውሮፕላኑ ያወጣችውን ስም ሰምቶ ኖሯል።

«እርጉዟ የሚሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ለማለት ነው?»

መካድ ትችል ነበር። እሷ ግን የተጠየቀችውን አስረዳች። «ሞልታ ትሄዳለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች።»

ሣህሌ እስክሪብቶውን ከደነ። «ይሄ ወሬ መንዛት ነው፣ እትዬ የሺሃረግ። ወረቀት የለም። ይሂዱ፣ ገብስዎን ይቁሉ።»

ከዚያ ወዲያ መቀመጥም መቆምም እምቢ አላት። በገበያ ቀን ከሲሬና ከጎበሳ የመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች፤ አየሁት የሚል የለም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከባሌ በኩል ድምፅ ተሰማ። እርጉዟ ነበረች፤ ግን ሽው አላለችም። ዝቅ ብላ፣ የመሄጃዋን ድምፅ ይዛ፣ እያቃሰተች መጣች። ሴቶቹ ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ያ ረቢ» አለች ዘይቱና በቀስታ። ገብሱ ከሰለ፤ ጭሱ አዳራሽ ገባ።

ሣህሌ እያሳለ ወጣ። ሊቆጣ ነው ብለው ጠበቁት። የእሱም ታናሽ ወንድም ባሌ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ቀና ብሎ እስክትርቅ በዓይኑ ተከተላት።

«እርጉዟ ከብዳ ተመለሰች» አለ።

ወደ ውስጥ ገብቶ ማኅተም የተመታበት የይለፍ ወረቀት ለየሺሃረግ ይዞ ወጣ። «የወንድሜን ስም ጀርባው ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሀብተ ማርያም ይባላል። ስለ ልጅዎ ሲጠይቁ ስለ እሱም ይጠይቁልኝ።»

በማግስቱ የሺሃረግ ደብረ ዘይት ልትሄድ የናዝሬት አውቶቡስ ላይ ነበረች። ማንበብ አትችልምና ሁለቱን ስም በልቧ ትደጋግማለች። ሰማይ ላይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ግን የሣህሌ ወንድም ስም ይጠፋባትና፣ ወረቀቱን አውጥታ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው እንደገና አንብብልኝ ትለዋለች።