ሦስተኛው ፔዳል

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን ድረስ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ግራ እግሬ ሳላስበው ወለሉን ሲጫን እይዘዋለሁ። ያን ጊዜ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፤ ትንሽም ይዘገንነኛል።

የምኖረው ወልድያ ነው። ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። አብዛኛው ደንበኛ የሚመጣው ለኳስ ጨዋታ ነው፤ እኔ ግን ነፍሴ የመኪና ውድድሩ ላይ ናት። ለእሱ ብዬ መሪና ፔዳል ያለው መቀመጫ አስመጥቼ ጥግ ላይ ተክያለሁ። መሪው እንደ እውነተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ኩርባ ላይ ይከብዳል። ፔዳሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ፍሬን። ማርሹን መኪናው ራሱ ይቀይራል። ቤቴ ከሚመጡት ጎረምሶች በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈኝ አልነበረም። እውነተኛ መኪና ግን ነድቼ አላውቅም።

ጋሽ ሲሳይ የሟቹ አባቴ ጓደኛና ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አንድ ቀን ጎማ ሲቀይሩ መኪናው ከክሪኩ ላይ ወርዶ ግራ እግራቸውን ሰበረው። እግሩ ድኖ ይሄዱበታል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ ፍሪሲዮኑን፣ መርገጥ ስላቃታቸው ሥራቸውን ተዉ።

አንድ ከሰዓት ዝናብ ሊጠለሉ ገብተው ስጫወት አዩኝ። ብዙ ቆመው ካዩ በኋላ፣ "እስቲ ተነሺ" አሉኝ። ተቀመጡና ፔዳሎቹን በጫማቸው ዳበሱ።

"ፍሪሲዮኗስ?"

"የላትም ጋሼ። ራሷ ናት የምትቀይረው።"

ግራ እግራቸውን አንስተው በእጃቸው ወደ ጎን አደረጉት። "በይ አስነሽልኝ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አጥር ውስጥ ገቡ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልተቆጡም። "ይቺ መኪና ክብደት የላትም" አሉ። "እውነተኛ መኪና መቀመጫሽን ያናግረዋል። ጎማው ሊንሸራተት ሲል፣ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያደላ፣ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። እዚህ ያለኝ ዓይኔ ብቻ ነው።"

ከዚያ በኋላ ግን አልቀሩም። ከሰዓት ከሰዓት ይመጡና ውድድሩን እንደ ጭነት መኪና ይነዱታል። ሌሎቹ መኪኖች ከኋላ ሲመጡባቸው ጥግ ይይዙላቸዋል። "ይለፉ፤ ቸኩለው ይሆናል" ይላሉ። ሁልጊዜ የሚገቡት መጨረሻ ነው፤ አንድም ጭረት ሳይነካቸው። "ምነው ጋሼ፣ ትንሽ ፍጠኑ እንጂ" ስላቸው፣ "እኔ ጭነት ይዣለሁ" ይሉኛል። ልጆቹ ወደዷቸው። መጨረሻ ሆነው ሲገቡ ማጨብጨብ ጀመሩ።

እኔ እውነተኛ መኪና ቢሰጠኝ እንደምነዳ አንድ ቀን በኩራት ነገርኳቸው። ወንድሜ ደረጀ አጠገባችን ነበር። እሱ በሙያው ሹፌር ነው፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ጋሽ ሲሳይ አልሳቁም። "ዓይኗስ ጥሩ ነው" አሉት። "ሩቅ ታያለች። ጀማሪ አፍንጫው ሥር ነው የሚያየው። ሌላውን መኪናው ላይ ስትቀመጥ ታየዋለች።"

እንዲህ ሆነን ሳለ ከግራና ከተማ ወዲያ ባለ የገጠር ቀበሌ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ ሕፃኑን ክርስትና አስነሳና ተጠራን። ደረጀ በሚነዳት ደብል ጋቢና ፒክአፕ፣ ጋሽ ሲሳይን ከፊት አስቀምጠን ሦስታችን ሄድን። በላን፣ ጠጣን፣ ተመረቅን። ዝናቡ ሳይመጣ እንግባ ብለን ከምሳ በኋላ ተነሣን።

አስፋልት በሌለው ፒስታ መንገድ ላይ ትንሽ እንደተጓዝን ደረጀ ዝም አለ። እሱ ሲነዳ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ሳየው ግንባሩ በላብ ርሷል። መኪናዋን ዳር አስይዞ ወረደና ጎኑን ይዞ ሣሩ ላይ ተኮራመተ። አስመለሰው። ወንድሜን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ጋሽ ሲሳይ አጠገቡ ጎንበስ ብለው የት እንደሚያመው ጠየቁት። "የኩላሊት ጠጠር ይመስለኛል" አሉኝ። "አንድ ጓደኛዬን መንገድ ላይ እንዲህ አድርጎት ነበር። ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።"

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። የሚያልፍ መኪና ጠበቅን፤ ወፍ የለም። በተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ደረጀ ተነሥቶ መሪው ላይ ሊቀመጥ ሞከረ፤ እግሩን ወደ ፔዳሉ ሲዘረጋ ሕመሙ እጥፍ አደረገው። ደግፈን ከኋላ አስተኛነው።

ጋሽ ሲሳይ ወደ እኔ ዞሩ። ምን ሊሉኝ እንደሆነ ገባኝ።

"አልችልም ጋሼ። እሱ እኮ ጨዋታ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔ አጠገብሽ ነኝ። ግቢ።"

መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም። ማንም እንደኔ ያድርግ አልልም። ግን ወንድሜ ከኋላ እያቃሰተ ነበር። ገባሁ።

እግሬ ሥር ሦስት ፔዳል አለ። ሦስተኛውን እንደ ባዕድ ነገር አየሁት። እንዳዘዙኝ ረግጬ ስለቅ መኪናዋ ዘለለችና ጠፋች። አስነሣኋት፤ አሁንም ጠፋች። ደረጀ ከኋላ በሕመም መሃል "የማርሽ ካምቢዮዋን ጨረሰችው" ሲል ሰማሁት። እጄ በላብ መሪው ላይ ይንሸራተታል።

"ደረጀ፣ አንተ ተኛ" አሉት ጋሽ ሲሳይ። ለእኔ ደግሞ ልክ ጌም ቤት ውስጥ በሚያወሩበት ድምፅ፣ "ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። ልትሄድ ስትል ትንቀጠቀጣለች። እዚያ ላይ እግርሽን አቁሚና ጠብቂያት" አሉኝ። "ማርሹን ለእኔ ተይው። አንቺ ስትረግጪ ንገሪኝ፣ እኔ አስገባለሁ።"

ጠበቅኳት። መንቀጥቀጧ በጫማዬ አልፎ እስከ ወገቤ ተሰማኝ። ከዚያ ተንቀሳቀስን።

እንደዚህ ሆነን ነው የነዳነው። እኔ "ረገጥኩ" እላለሁ፤ እሳቸው በግራ እጃቸው ማርሹን ገፋ አድርገው "ገብታለች" ይላሉ። ጨዋታው ላይ ዓይን የማይከተለውን ፍጥነት ለምጄዋለሁ፤ እዚህ ግን ከበቅሎ ብዙም ሳንፈጥን የምበር መሰለኝ። ጨዋታው ላይ መሪውን ነካ ሳደርገው መኪናው ይታጠፋል፤ ይህቺ ግን እያዞርኩ እያዞርኩ ቀጥ ብላ ትሄድና ድንገት ትታጠፋለች። ጨዋታው ላይ ገደል ከገባሁ አንድ ቁልፍ ተጭኜ መንገዱ ላይ እመለሳለሁ። በስተቀኛችን እውነተኛ ገደል ነበር። ወደዚያ ላለማየት አንገቴን አድርቄያለሁ።

"ፊት ለፊት እዪ። ሩቅ" ይሉኛል። ሩቅ ማየቱንስ አውቅበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ያዳነኝ እሱ ነው። ኩርባው ሳይመጣ የት እንደምገባ ዓይኔ ይነግረኝ ነበር፤ እጄም ሳይደናገጥ ይከተለዋል። ከጨዋታው ይዤው የመጣሁት ነገር ያ ብቻ ነበር፤ ግን ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ደጋግሜ ስረግጥ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። "ፍሬኗን አሳርፊያት፤ በማርሽ እንይዛታለን" አሉ። "ረገጥኩ" አልኩ፤ ዝቅ አደረጓት። ሞተሩ አጉረመረመና መኪናዋ ከኋላዋ ሰው የያዛት ይመስል ቀዘቀዘች።

ታች ስንደርስ ጠዋት ደረቅ የነበረው ወንዝ ውሃ ይዟል። ብዙ አይደለም፤ ግን ቡናማ ነው፣ ከሥሩ ያለው አይታይም። በወዲያኛው ዳር አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎች ይዞ ቆሟል። እጁን እያወዛወዘ፣ "እንዳትገቡ፤ ላይ በኩል ዘንቧል" አለን።

"ሰናይት" አለኝ ደረጀ ከኋላ። "ጥልቅ አይደለም። ነዳጅ ሰጥተሽ እለፊ። በእግዜር።"

ጨዋታው ላይ እንዲህ ያለ ውሃ አለ። በፍጥነት ትገቢበታለሽ፤ ውሃው በግራና በቀኝ ይበተናል፣ ያምራል። እጄም እግሬም ያን ለማድረግ ተዘጋጅተው ነበር። ወደ ጋሽ ሲሳይ ዞርኩ።

"እኔ ብሆን እጠብቃለሁ" አሉ በቀስታ። "መሪውን የያዝሽው ግን አንቺ ነሽ።"

ቢቆጡኝ፣ ቢያዙኝ ይሻለኝ ነበር። ማዶ አየሁ። በሬዎቹ ወደ ውሃው መጠጋት እምቢ ብለው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይላሉ። ገበሬው ገመዳቸውን ይጎትታል፤ እነሱ ወይ ፍንክች። ሞተሩን አጠፋሁት።

ደረጀ አለቀሰ። ከልጅነታችን ወዲህ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም። ወርጄ ከኋላ ገባሁና ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ በነጠላዬ ላቡን ጠረግኩለት። ገድዬው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከላይ በኩል ድምፅ መጣ። እንደ ጭነት መኪና ያለ ድምፅ ነው። ከወንዙ ኩርባ ላይ ደፍርሶ የመጣ ውሃ ሥሩ የተነቀለ ዛፍና ድንጋይ እያንከባለለ ልናልፍበት በነበረው ቦታ አለፈ። ጋሽ ሲሳይ አማተቡ።

ደራሹ ጎርፍ አልፎ ውሃው እስኪጎድል ያለው ጊዜ ረዘመብኝ። በመጨረሻ ገበሬው ሱሪውን ጠቅልሎ በዱላው ሥሩን እየመታ፣ እግሩን እያስቀደመ ተሻገረልን። ውሃው ከጉልበቱ በታች ነበር። በመስኮት በኩል ደረጀን አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ድንጋዩ ቦታ ቀይሯል" አለኝ። "እኔ በሄድኩበት ብቻ ነይ። አብሽሪ።"

ከፊቴ እየሄደ ውሃ ውስጥ ገባ። ጀርባውን ብቻ እያየሁ ተከተልኩት። ዓይኔ ከውሃው በታች ምንም አያይም፤ ግን ድንጋዩ ጎማው ሥር ሲንሸራተት፣ ጎማው አሸዋ ነክሶ ሲይዝ በመቀመጫዬ ተሰማኝ። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ሳብ ስትል ሳላስበው አቃናኋት።

ማዶ ስንወጣ ላመሰግነው መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። ገበሬው "አላህ ያሽርልሽ፤ ሂዱ፣ አድርሱት" ብሎ ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በዓይኔ እፈልገዋለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።

ከወንዙ ይልቅ ያስፈራኝ መርሳ ከተማ ነው። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሰዉ ከየአቅጣጫው ይመጣብኛል። ጨዋታው ውስጥ በፈለገው ሰዓት መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ የለም። መሃል መንገድ ላይ ስደርስ መኪናዋ ጠፋችብኝ። ከኋላዬ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ጥሩንባውን ለቀቀው። ቁልፉን ማዞር አቃተኝ።

ጋሽ ሲሳይ በመስኮት ብቅ ብለው እጃቸውን አነሡ። ጥሩንባው ቆመ። የአውቶቡሱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ "ጋሽ ሲሳይ፣ እንደገና መንዳት ጀመሩ እንዴ?" አላቸው።

"እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ናት" አሉት። "ታማሚ ይዘናል፤ ቀስ በልላት።"

ሹፌሩ አውቶቡሱን አግድም አድርጎ መንገዱን ዘጋልንና ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ አስቆመ። እኔ ግን የማስታውሰው "ልጄ ናት" ያሉትን ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። አስነሣኋት። አልጠፋችም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙም የኩላሊት ጠጠር ነው አለ። ደረጀ መርፌ ተወግቶ ሲረጋጋ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ራሱ አይደለም። "መኪናዋን የት አቆማችኋት?" አለ። ጋሽ ሲሳይና እኔ ተያየን። የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ የኋላ ጎማዎቿ አበባው ላይ ወጥተው፣ በር ተከፍቶ፣ አግድም ቆማ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም መሳቅ የጀመርነው። ስንስቅ የጋሽ ሲሳይ እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ደንግጬ ጠየቅኳቸው።

"ከዚያ ቁልቁለት ጀምሮ ነው" አሉኝ። "ፈርቼ ሞቼ ነበር እኮ። ታዲያ ለአንቺ ልንገርሽ?"

ደረጀ ዳነ። ከዚያ ወዲህ በጨዋታዬ አይስቅም፤ እንዲያውም መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስመዘገብ አብሮኝ የሄደው እሱ ነው። የማሠልጠኛው መምህር ፍሪሲዮን አለቃቀቄን አይቶ፣ "ማን ነው ያስተማረሽ?" አለኝ። ታሪኩ ረጅም ነው ብዬ አለፍኩት።

ጌም ቤቷ እንዳለች ናት። እኔ ውድድሩን ዛሬም እወደዋለሁ፤ እንደ ድሮው ግን በየአጥሩ እየተላተምኩ አልሄድም። ጋሽ ሲሳይም አሁንም መጨረሻ ሆነው ይገባሉ።

ባለፈው ሰሞን በሲሪንቃ በኩል ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ የደረጀን መኪና የነዳሁት እኔ ነበርኩ፤ በሕጋዊ መንጃ ፈቃድ። ጋሽ ሲሳይ ከፊት፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከኋላ ተቀምጠዋል። አስፋልቱ ላይ ጥቂት እንደሄድን እትዬ አስካለ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "እዪልኝ እስቲ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ጋሽ ሲሳይ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው ተኝተዋል።

"ሌላ ሰው ሲነዳ ተኝቶ አያውቅም እኮ" አሉኝ። "ከተጋባን ጀምሮ፣ አውቶቡስ ላይ እንኳ ከሹፌሩ ጋር አብሮ ፍሬን ሲረግጥ ነው የሚሄደው።"

ከኋላ አንድ ሚኒባስ ተጣድፎ ሲመጣብኝ ጥግ ያዝኩለት። ይለፍ። ጉድጓዷን ሁሉ እየሸሸሁ፣ እንዳይነቁብኝ ማርሹን ቀስ እያልኩ እየቀየርኩ፣ ወልድያ እስክንገባ እንደዚያ ነዳሁ።