ሁለቱ አዋሌዎች

አርዶ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ተኩሱ በርዶ የሐርጌሳ ሰው ፍርስራሹን እየጠረገ ቤት መሥራት ሲጀምር ከእናቷ ጋር ተመለሰች። 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ማኅበር ጦርነቱ የበታተናቸው ዘመዳሞች የሚፈላለጉበትን ድረ ገጽ እንድትሠራ ቀጠራት። ገጹ የሚጻፍበትን ፒኤችፒ የተባለ ቋንቋ ያስተማራት ከአዲስ አበባ የመጣው የሥራ ባልደረባዋ ዮፍታሔ ነው፤ ሁለቱ ሲሆኑ የሚያወሩት በአማርኛ ነበር።

አንድ ጠዋት ሃዋ የሚባሉ ሴት ከሼክ ኑር ሰፈር መጡ። የወንድማቸውን ልጅ ነው የሚፈልጉት።

«አዋሌ ጂብሪል በይ፣ ልጄ።»

አርዶ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፈች። ገጹ «አልተገኘም» አላት። ግራ ገባት። ይህ ስም ከናይሮቢ ከነስልክ ቁጥሩ ሲላክ በዓይኗ አይታዋለች! ደግማ ጻፈች፤ ያው ነው።

«የለም?»

«ቆይ ኤዶ፣ አክስቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

ኮምፒውተሩ በሆዱ የያዛቸውን ሁለቱን ስሞች፣ የተላከውንና አሁን የጻፈችውን፣ «ኤኮ» በሚባለው ትእዛዝ አወጣቻቸው። አዋሌ ጂብሪል። አዋሌ ጂብሪል። ፊደል በፊደል አስተያየቻቸው፤ ልዩነት የላቸውም። አንድ ናቸው ወይ ብላ ማሽኑን ስትጠይቀው ግን አይደሉም ይላል። ስክሪኑን በሻሿ ጫፍ ወለወለችው። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠረች፣ ቀጥሎ የገዛ ዓይኗን።

ዮፍታሔ ሲገባ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረው፤ ሁለቱን ስሞች አሳየችው።

«ኤኮ ላይ ላዩን ነው የሚያሳይሽ» አላት። «ውስጡን ማየት ከፈለግሽ ቫር ደምፕ በይው።»

ትእዛዙን ጻፈችው። አሁን ስሞቹ ከነፊደላቸው ብዛት ወጡ፤ የሃዋ አሥራ ሁለት፣ የናይሮቢው አሥራ ሦስት።

«አንዷ ከየት መጣች?»

«ከስሙ ፊት ክፍት ቦታ አለ፣ አየሽው? ላኪው የክፍት ቦታውን ቁልፍ ሳያስበው ነክቶት ነው።»

«ባዶ ነገር ይቆጠራል እንዴ?»

«ለማሽን ይቆጠራል።»

ወደ ናይሮቢው ስልክ ቁጥር ደወሉ። ሃዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰውየው በልጅነቱ ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ጠየቃቸው። «ጆሮው!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባቸው። «ወላሂ እሱ ነው!»

አርዶ ግን ደስታዋ አልሞላ አላት፤ እንዲሁ በከንቱ የተመለሰ ሌላ ሰው ቢኖርስ? ትርፉን ክፍት ቦታ የሚቆርጥ ትእዛዝ ጨምራ የቀድሞ ፍለጋዎችን ብትደግም፣ ቀደም ሲል «የለም» ተብላ የተመለሰች ሆዳን የምትባል የመሐመድ ሞጌ ሰፈር ሴት የምትፈልገው ወንድሟ ዋይስ ብቅ አለ። ወዲያው ተነሥታ ወደ መሐመድ ሞጌ ሄደች።

«የትኛዋ ሆዳን?» አላት የጠየቀችው አንድ ባለሱቅ። «እዚህ ሰፈር ሆዳን ሞልቷል።»

አንዷን ደጇ ድረስ ሄዳ ብታናግራት ወንድም የላትም፤ ሌላዋ ደግሞ ልጅ ነች። የምትፈልጋትን ሆዳን ያገኘቻት በማግስቱ ነው፤ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ። አርዶ ስለ ክፍት ቦታው፣ ስለ ኤኮው፣ ለማሽን ስለሚቆጠረው ባዶ ነገር አንድ በአንድ ታስረዳት ጀመር። ሆዳን እርጥብ ሽርጥ በእጇ እንደያዘች ፍጥጥ ብላ አየቻት።

«ምንም አልገባኝም፣ እህቴ። አለ ነው የምትዪኝ ወይስ የለም?»

«አለ» አለቻት አርዶ።