ጀርባዬን ለጣና ሰጥቼ የበላሁት ዓሣ

ሥልጠና ተብሎ የፈረቃ ኃላፊዎችን ሐይቁ ዳር ካለ አዳራሽ ሰበሰቡን። አሠልጣኙ ሸሚዙ የተተኮሰ ልጅ እግር ነው። «ጥሩ አለቃ የሠራተኛውን ስሜት ይረዳል። እስቲ ስሜታችሁን የተረዳላችሁ አለቃ ንገሩኝ» አለ። ሁሉም ተራ በተራ አወራ። እኔ ተራዬ ሲደርስ «እኔን እለፈኝ» አልሁት። ለምሳ ዓሣ ሲያቀርቡልን ወንበሬን አዙሬ ፊቴን ወደ ጣና አድርጌ ተቀመጥሁ። ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምቀመጠው።

ስሜቴን የተረዳልኝ አለቃ ነበረኝ። ሞቷል፤ ነፍሱን ይማረው። እኔ ግን እስካሁን ይቅር አላልሁትም።

ያኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን እሸምን ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ፣ ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው። ሽመና ክፍል ማንም ፊደል አይጠይቅህም። ማሽኑ ሲያጓራ ሰው ቢጮህ አይሰማም፤ የምንግባባው አፍ ለአፍ እየተያየን ነው። ከማዶ ያለው ምን እንዳለ ከከንፈሩ እናውቃለን።

አንድ ጠዋት አለቃው መጥቶ ማሽኔን ለሌላ ሰው ሰጠብኝ። ጨርቅ ማጠፊያ ክፍል ሂድ አለኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሂድ ስልህ ሂድ።»

«ማሽኑ ላይ ዘመድህን ልትሰካበት ነው አይደል?»

ሌላም ሌላም አልሁት። ስድብ የማይችል ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ቻለኝ። ጭራሽ ምሳ ሰዓት ላይ «ና፣ ዓሣ ልጋብዝህ» ብሎ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። ከዚያ በፊት ሻይ እንኳ ጋብዞኝ አያውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬን ወደ ውኃው አድርጎ አስቀመጠኝ። እሱ አልበላም። በትከሻዬ አሻግሮ ሐይቁን ያያል። «ብላ እንጂ፣ ብላ» ይለኛል። በላሁ። ደግሞ እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

በማግሥቱ ንጋት ላይ ዓባይ ማዶ ያለው ቤቴ ተንኳኳ። ስከፍት አለቃው ከፊት፣ ጎረቤቶቼና የዕድር ሽማግሌዎች ከኋላ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መርዶ እንዲያ ነው የሚነገረው፤ በንጋት፣ በቤትህ፣ ሰው ከብቦህ።

እናቴ ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ ሞታ ነበር። ለአለቃው የተደወለለት ማሽኔን ከመንጠቁ በፊት ነው። የተቀበረችው ደግሞ ቀትር ላይ፣ እኔ ዓሣዬን ስበላ። በሞተር ጀልባ ብሄድ እደርስ ነበር።

«ማሽን ላይ ብነግርህ እጅህን ይበላው ነበር» አለኝ በኋላ። እውነቱን ነው። አገር ምድሩ አመሰገነው፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው አሉ። እኔ እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ። ዛሬም ዓሣ በቀመስሁ ቁጥር ከጀርባዬ አፈር ሲመለስ ይሰማኛል።

ዓምና ተራው የእኔ ሆነ። በእኔ ሥር የምትሠራ የአንዲት ሸማኔ አጎት ደወለልኝ። አባቷ ቆጋ አካባቢ ማረፋቸውን ነገረኝ። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው።

«አደራዎን፣ እንዳትሰማ። ነገ ጠዋት መጥተን እናረዳታለን።»

እሺ አልሁ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና በቀጥታ ወደ እሷ ሄጄ ማሽኗን አጠፋሁት። ቀና ብላ አፌን አየች። ገና ምንም አላልሁም።

«አባቴ ነው?» አለ ከንፈሯ።

«አዎ። አልተቀበሩም፤ ትደርሻለሽ። ተነሽ።»

ጮኸች። የሌሎቹ ማሽኖች ማጓራት ጩኸቷን ዋጠው፤ ተከፍቶ የቀረ አፍ ብቻ አየሁ። ከጎኗ የምትሠራው ትልቅ ሴት ደግፋ ይዛት ወደ እኔ ዞረች፦ «አንተ አረመኔ! መርዶ እንዲህ ነው?» ይህንንም ከአፏ አነበብሁት። ባጃጅ ጠርቼ መናኸሪያ ወሰድኋት፤ እስከ መራዊ፣ ከዚያም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አብሬያት ሄድሁ። አባቷን አፈር አለበሰች።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ሟቹ አለቃዬ በማሽኖቹ መካከል ቆሞ ይታየኛል። አፉ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚል ግን ማንበብ አልቻልሁም።

እሷ ሐዘኗን ጨርሳ ተመለሰች። አላመሰገነችኝም፤ አልረገመችኝምም። ብቻ ስለተበጠሰ ክር ልነግራት ብጠጋ እጇ ደርቆ ይቀራል፤ ዓይኗ አፌ ላይ ይተከላል፤ ፊቷ አመድ ይሆናል። በየቀኑ፣ በአንድ ክር ምክንያት፣ አባቷን እንደ አዲስ የምገድልባት እኔ ነኝ።

እናም አሁን ወደ እሷ ስሄድ ከሩቅ እቆማለሁ። ቀና እስክትል እጠብቃለሁ። «ሁሉም ደህና ነው» እላታለሁ በከንፈሬ፣ ቀስ አድርጌ፣ በደንብ እንድታየው። ጣቶቿ ወደ ክሩ ሲመለሱ አያለሁ። ያኔ እቀርባለሁ።