እስከ እሁድ የቆየ መርዶ

ሰፊያ በስደት አገር፣ ፌርፋክስ በሚባል ሰፈር፣ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ የወሎ ሰው ናት። ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን ሳያንኳኳ የሚገባ ነው። ከሱቋ በላይ የምትኖረውን እንግሊዛዊት ባልቴት ዶሪንን «እትዬ» እያለች እንደ አክስቷ ይዛት ነበር።

ዶሪን ስለ ትውልድ መንደሯ ካነሳች አታቆምም። አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ፖስታ ቤትም የሆነች አንዲት ሱቅ። ሰው ሲታመም ሾርባ ይዘው ይገባሉ፤ በየዓመቱ በዱባ ትልቅነት ተወዳድረው ይኳረፋሉ፤ ሰው ሲሞት ደወል ተደውሎ መንደሩ በሙሉ ይቀብራል። እህቷ ኤልሲ እዚያው ናት። ሰፊያ ይህን ስትሰማ «ኧረ ይሄማ የኛው አገር ወረኢሉ ነው!» ብላ ትስቃለች። ጉዱ የመጣው ከዚሁ መመሳሰል ነው።

ዶሪን ስልክ ስላልነበራት ለመንደሯ የሰጠችው የሱቁን ቁጥር ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. አንድ ማክሰኞ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ደወለችና «ኤልሲ ዛሬ ዐርፋለች፤ ዶሪን ትደውልልን» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ሽሮ ልገዛ ገብቼ ነበር። «አሁኑኑ ንገሪያት» ስላት ሰፊያ ተቆጣች።

«ብቻቸውን? ሰው ሳይሰበሰብ? እህትየው እንደሆነች ተቀብራለች፤ ምን ያስቸኩላል? ሰው ከሥራ ኦፍ የሚሆነው እሁድ ነው። ሶ፣ እሁድ ጠዋት ሄደን እናረዳቸዋለን።»

ሰፊያ በምታውቀው በእስልምና ደንብ ሬሳ አያድርም። የዶሪን አገር ሬሳ ቀናት እንደሚቆይ ማን ይንገራት? እኔም አላውቅ። ዶሪን በየቀኑ ብቅ ብላ «ከመንደር የደወለ አለ?» ስትል ሰፊያ «የለም» ትልና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

እሁድ ማለዳ ከአገር ልጆች ጋር ተሰብስበን የሰፈሩን ሽማግሌ ጋሼ ነጋሽን አስቀድመን አንኳኳን። ዶሪን በሌሊት ልብሷ ከፈተች። ጋሼ ነጋሽ እንግሊዝኛው ጠፋባቸውና አለቀሱ፤ እኛም ተከተልን። ዶሪን ግራ ገብቷት ወንበር ታቀርብልን ጀመር። የሞተው የእኛ ሰው መስሏት ሰፊያን አቅፋ አጽናናቻት!

«የሞተችው ኤልሲ ናት፣ እትዬ» አለች ሰፊያ በመጨረሻ።

ዶሪን እኛን አስከትላ ወደ ሱቁ ወርዳ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «ትናንት ቀበሯት። ትደርሳለች ብለው የፊተኛውን ወንበር ባዶውን ተዉልኝ። አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ማክሰኞ። ብቻዎን እንዳያለቅሱ ብዬ ነው።»

ዶሪን አንድ በአንድ አየችን። «ከእናንተ አንድ ሰው እንኳ ኤልሲን አያውቃትም» አለች።

አፍረን ልንወጣ ስንል ግን የሱቁ በር ላይ ቆማ ከለከለችን። «ተቀመጡ፤ ኤልሲ ማን እንደነበረች ልንገራችሁ» አለች።